ሁለት ድመቶችን ይዞ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ቤት መቀየር

ጥያቄ — የገርጂዋ

ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ በሥራ ዝውውር ድሬዳዋ ከገባ አራት ወር ሆኖታል፤ እኔና የዘጠኝ ዓመት ልጄም ትምህርት ቤት እንደተዘጋ፣ ከሐምሌ 15 እስከ 20 ባለው ጊዜ ውስጥ ጠቅልለን ልንከተለው ወስነናል። የቤት ዕቃው በአይሱዙ ተጭኖ አንድ ቀን ቀድሞን ይሄዳል፤ እኛ ደግሞ በወንድሜ ቪትዝ እንጓዛለን። ይህ ሁሉ ተሰልቶ ያለቀ ነገር ነው፤ እንቅልፍ የነሳኝ የሁለቱ ድመቶቻችን ጉዳይ ነው።

ትልቋ እትዬ ትባላለች። አሁን በምንኖርበት ቤት ውስጥ የተወለደች፣ አሥራ አንድ ዓመት የሞላት፣ ከአጥሩ ማዶ ምን እንዳለ ለማወቅ እንኳ የማትጓጓ አሮጊት ናት። ትንሹ ሽሮ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፤ ስሙንም ያገኘው በጾም ወራት ከሳህናችን ላይ ሽሮ እየላሰ ስላደገ ነው። ሁለቱም መኪና ውስጥ የገቡት በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ ብቻ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለመከተብ በሄዱ ዕለት ነው። ያኔ ከገርጂ እስከ መገናኛ ባለችው አጭር መንገድ እትዬ ያለማቋረጥ ስትጮኽ፣ ሽሮ ደግሞ የተቀመጠበትን ካርቶን በጥፍሩ ቦጫጭቆ ወጥቶ የሹፌሩ ጭን ላይ ተገኝቷል። ከ500 ኪሎ ሜትር የሚበልጠው የድሬዳዋ መንገድ ሲታሰበኝ ሆዴ ይረበሻል።

በምን ይዤ ብወስዳቸው ይሻላል? የሰው የእንቅልፍ ኪኒን ሩብ ብትሰጫቸው ድሬዳዋ እስኪደርሱ ይተኛሉ ያሉኝ ሰዎች አሉ፤ ይህን የሞከረ አለ? መተሐራና አዋሽ ላይ ያለውን ሙቀትስ እንዴት ያልፉታል? የወንድሜ መኪና ኤሲ ይነፋል እንጂ አያቀዘቅዝም። በመጨረሻም አማቴ፣ ድመት የቤቱ እንጂ የሰው አይደለችም፣ እትዬን ቤቱን ለሚከራየው ሰው ትተሻት ሂጂ ይሉኛል። እሳቸውን ማስቀየም አልፈልግም፤ ነገር ግን ልጄ ይህን ከሰማች ጀምሮ እትዬን ታቅፋ ነው የምትተኛው።


መልስ — የከዚራ ልጅ

እንኳን ወደ ድሬ በሰላም መጡ ለማለት ያብቃን፣ እህቴ። እኔ ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት ድመት ይዤ ይህንኑ መንገድ ተጉዣለሁ፤ ስለዚህ ከመድኃኒቱ ነገር በስተቀር ስለ ሌላው የማውቀውን ልጻፍ።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ቀኑ። ሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ክብረ በዓል ነው። የታኅሣሥ 19ኙን ያህል ባይሆንም፣ በሐምሌም ከአዲስ አበባ ጀምሮ እስከ ቁልቢ ድረስ አውቶቡሱና የቤት መኪናው ይበዛል፤ አሰበ ተፈሪና ሂርና ላይ አልጋ ይጠፋል፤ ቁልቢ አካባቢ ደግሞ መኪና ቆሞ የሚውልበት ጊዜ አለ። ሰው ቢቆም ወርዶ ሻይ ይጠጣል፤ ሳጥን ውስጥ ያለች ድመት ግን ያችን ሰዓት የምታሳልፈው በጡሩንባ ጩኸት መካከል ነው። ከቻሉ ከሐምሌ 12 በፊት ይውጡ፤ ካልሆነም ከ22 በኋላ ያድርጉት።

ሁለተኛው የመንገዱ ጠባይ ነው። ይህ መንገድ ቀስ በቀስ እየሞቀ የሚሄድ አይደለም። ከአዲስ አበባ የሐምሌ ብርድ ተነሥተው፣ በፈጣኑ መንገድ አዳማ ከደረሱ በኋላ ወደ ስምጥ ሸለቆው ይወርዳሉ፤ የበሰቃ ሐይቅን አልፈው መተሐራ ሲገቡ ከባሕር ወለል በላይ ያለዎት ከፍታ ከ1,000 ሜትር በታች ነው። ከአዋሽ እስከ ሚኤሶ ሙቀቱ አይለቅዎትም። ከዚያ በኋላ መንገዱ ወደ ጨርጨር ተራራዎች ይወጣል፤ አሰበ ተፈሪ፣ ሂርናና ቁልቢ ደጋ ናቸው፤ በክረምት ጭጋግ ስለሚኖር መስኮት ለመዝጋት የሚገደዱበት ቦታ ሁሉ አለ። በመጨረሻም ከደንገጎ ቁልቁል ተጠማዝዘው ድሬዳዋ ሲገቡ እንደገና እቶን ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ ሙቀቱ ሁለት ጊዜ ነው የሚያገኝዎት፤ ሰዓቱን ማስላት የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው።

እኔ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ተነሥቼ መተሐራን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ሳይሆን አለፍኩ። ፀሐይ ሳትበረታ ሚኤሶን ተሻግሮ ሽቅብ መጀመር የቀኑን ግማሽ ፈተና ያቃልላል። ስሕተቴ የነበረው በደጋው ላይ መቸኮሌ ነው፤ ድሬዳዋን በቀኑ 9 ሰዓት፣ አስፋልቱ በሚግልበት ሰዓት ገባሁባት። ዳግም ብሄድ ኖሮ አንድም አሰበ ተፈሪ አድሬ በማግስቱ ማለዳ እገባ ነበር፤ አለዚያም ቁልቢ አካባቢ በቅዝቃዜው ቆይቼ አመሻሽ ላይ እወርድ ነበር።

ማቀፊያውን በተመለከተ፣ ካርቶን እንደማይሆን ሽሮ ራሱ አስተምሮዎታል። በሱቅ የሚሸጠው የድመት ሳጥን ዋጋው ስለከበደኝ፣ እኔ ሁለት የአትክልት ክሬት ገዝቼ አፍ ለአፍ ገጥሜ በሽቦ አሰርኳቸው። ክሬቱ በሁሉም በኩል ቀዳዳ ስላለው ነፋስ ያስገባል፤ ጥፍርም ጥርስም አይበግረውም፤ ሲቆሽሽም በውሃ ይታጠባል። ከታች ጋዜጣ፣ ከጋዜጣው በላይ አሮጌ ፎጣ አነጠፍኩ፤ ከላይ ደግሞ ያረጀ ነጠላ አለበስኩት። ነጠላ ብርሃኑን ያደበዝዛል፣ አየር ግን አይከለክልም። ጋቢ እንዳያለብሱ፤ አፍኖ ይገድላል። አንድ ጠባይ ያስተዋልኩት፣ ነጠላውን ከማልበሴ በፊት ከአጠገባችን ባለፈ በእያንዳንዱ የጭነት መኪና ትደነግጥ የነበረችው ድመቴ፣ ከለበሰላት በኋላ ከአዳማ ጀምሮ ጸጥ ማለቷን ነው።


መልስ — የገርጂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የቁልቢን ነገር ፈጽሞ ዘንግቼው ነበር፤ ቀኑን ወደ ሐምሌ 10 አምጥተነዋል። ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ክሬት ላዘጋጅ ወይስ እትዬና ሽሮን አንድ ላይ ብከታቸው ይሻላል? ቤት ውስጥ አብረው ነው የሚተኙት።


መልስ — የእንስሳት ሐኪም

ለየብቻ ያድርጓቸው። በቤታቸው ተቃቅፈው የሚያድሩ ድመቶች እንኳ ሲሸበሩ እርስ በርስ የሚቧጨሩበት ጊዜ ብዙ ነው፤ አንዱ ቢያስታውክም ሌላው በዚያ ላይ ተኝቶ አይጓዝም። ሳጥኖቹን ግን ጎን ለጎን ማስቀመጥ፣ ጠረናቸውም እንዲደርሳቸው ማድረግ መልካም ነው። የሚቀመጡት በኋላ ወንበር ላይ ወይም ከፊት ወንበሮች ጀርባ ወለሉ ላይ ሆኖ፣ መኪናው በድንገት ቢቆም እንዳይገለበጡ በመቀመጫ ቀበቶ ወይም በገመድ ታስረው መሆን አለበት። በአይሱዙው ላይ ከዕቃ ጋር መጫን ግን ፈጽሞ የሚታሰብ ነገር አይደለም፤ ይህን የምጽፈው ጠያቂዋ ስላሰቡት ሳይሆን፣ በሥራዬ ሸራ ሥር ታፍነው የመጡ እንስሳት ስላጋጠሙኝ ነው።

ወደ መድኃኒቱ ልምጣ። የሰው የእንቅልፍ ኪኒን ሩብም ይሁን ሩብ ሩብ አይስጧቸው። የድመት ጉበት በርካታ መድኃኒቶችን እንደ ሰው ወይም እንደ ውሻ ማጣራት አይችልም። ከሁሉ የከፋው በየቤታችን የማይጠፋው ፓራሲታሞል ነው፤ አንዲት ኪኒን፣ ከዚያም ያነሰ መጠን ድመትን ሊገድል ይችላል። ድመቷ ታማለች ብለው በርኅራኄ ሰጥተው፣ ድዷ ወደ ቡናማነት ተለውጦ፣ ትንፋሽ አጥሯት ይዘዋት የመጡ ሰዎችን አይቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ዘግይተው ነው የሚመጡት። በተጨማሪም ለውሻ ቁንጫ ተብለው የሚሸጡ፣ ፐርሜትሪን ያለባቸውን መድኃኒቶች ለጉዞ ላጽዳቸው ብለው እንዳይቀቧቸው፤ ለድመት መርዝ ናቸው።

በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ ነገር ግን አለ። በአሁኑ ጊዜ ለጉዞ ፍርሃት በብዛት የምናዘው ጋባፔንቲን የተባለውን ሲሆን፣ ከመነሣት ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት አስቀድሞ ይሰጣል። መጠኑን እዚህ የማልጽፈው፣ እንስሳዋ ሳትመዘንና ኩላሊቷ ሳይታይ ሊወሰን ስለማይገባው ነው፤ በተለይ እትዬ በአሥራ አንድ ዓመቷ የኩላሊት ምርመራ ያስፈልጋታል። ከታዘዘልዎትም ጉዞው ከመድረሱ ከአንድ ሳምንት በፊት ቤት ውስጥ አንድ ጊዜ ሞክረው ይዩት፤ አንዳንዷ ትንገዳገዳለች እንጂ አትረጋጋም፤ ይህን ደግሞ አዋሽ ላይ ሳይሆን ሳሎንዎ ውስጥ ማወቅ ይሻላል። በመኪና የሚያስታውኩ ከሆነ ለዚያም የተለየ መድኃኒት አለ። አዲስ አበባ የሚያገለግልዎ ሐኪም ካጡ፣ በመንገድዎ ላይ ቢሾፍቱ በ1979 እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር የተመሠረተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ ምርመራው ግን በጉዞው ዕለት ሳይሆን አስቀድሞ ሊደረግ ይገባል። የክትባት ወረቀታቸውን አይርሱ፤ ድመትም እንደ ውሻ የእብድ ውሻ በሽታን ታስተላልፋለች፤ የደነገጠች ድመት ሰው ብትነክስ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ክትባቱ ነው። ከተነከሱ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥበው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ስለ ሙቀቱ። የጤነኛ ድመት የሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ አካባቢ ነው። ድመት ላብ የሚወጣት በመዳፏ ብቻ ስለሆነ በላብ ብዙም አትቀዘቅዝም። አፏን ከፍታ እንደ ውሻ ካለከለከች፣ ለሃጯ ከተዝረበረበና ድዷ ከቀላ፣ ያ ማለት ሙቀቱ ወይም ፍርሃቱ ከአቅሟ በላይ ሆኗል ማለት ነው። ውሻ ሲያለከልክ ደኅና ነው፤ ድመት ስታለከልክ ግን መኪናውን ጥላ ሥር ማቆም ያስፈልጋል። መዳፏንና ጆሮዋን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ፤ በረዶ ውሃ አይድፉባት። ኤሲ ለሌለው መኪና የማውቀው የተሻለ ዘዴ፣ ማታ ማቀዝቀዣ ውስጥ ገብቶ በረዶ የሠራ የሃይላንድ ውሃ በፎጣ ጠቅልሎ በሳጥኑ አንድ ጎን ማስቀመጥ ነው፤ በአንድ ጎን የምለው፣ ሲበርዳት የምትሸሽበት ሌላ ጎን እንዲኖራት ነው። ሁለትና ሦስት አዘጋጅተው እየለዋወጡ ይጓዙ። ለምሳ ስትወርዱ ደግሞ አንድ ሰው መኪናው አጠገብ ይቅር። ውጪው 24 ዲግሪ ብቻ ሆኖ እንኳ፣ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በአሥር ደቂቃ ወደ 34 ዲግሪ ይደርሳል፤ መተሐራ ላይ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም።

ምግብ ከመነሣት አራት ወይም አምስት ሰዓት አስቀድሞ ጥቂት ይስጧቸውና ከዚያ በኋላ እስኪደርሱ ይተዉአቸው፤ አንድ ቀን መጾም ጤነኛ ድመትን አይጎዳም። ውሃ በየቆሙበት ያቅርቡላቸው። ወተት አይስጡ፤ ያደገ ድመት ወተት ብዙ ጊዜ ያስቀምጠዋል፤ በሳጥን ውስጥ ደግሞ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። መንገድ ላይ ሽንት ባይሸኑ አይደንግጡ፤ ነገር ግን ሽሮ ከደረሰ በኋላ 24 ሰዓት ሙሉ ካልሸና፣ ወይም እየተቀመጠ እያማጠ ምንም ካልወጣው፣ የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ መዘጋት ለነገ የማይባል አደጋ ስለሆነ በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት።


መልስ — መንገደኛው

እኔ የምጽፈው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ስለ በሩ ነው።

ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ ድመታችንን በጥሩ የፕላስቲክ ሳጥን ይዘን ነበር። እስከ ወለንጪቲ ድረስ ድምፅ እንኳ አላሰማችም። ነዳጅ ልንቀዳ ቆመን ሳለ ልጆቼ፣ አባባ ውሃ ጠምቷታል አሉኝ፤ የመኪናውን በር ከፍቼ በአንድ እግሬ መሬት ቆሜ የሳጥኑን መዝጊያ በሁለት ጣት ያህል ከፈት አደረግሁ። ከኋላችን የቆመው አውቶቡስ በዚያች ቅጽበት ፍሬኑን ለቀቀና ፍስስ አለ። ድመቷ በእጄ ሥር እንዴት እንዳለፈች እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ያየሁት ጅራቷን ብቻ ነው፤ ከማደያው ጀርባ ወዳለው የግራር ቁጥቋጦ ገባች። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስኪመሽ ድረስ ሣህኗን እያንኳኳን ስሟን ስንጠራ ዋልን። የማደያው ጥበቃ እስከ ሳምንቱ ድረስ ስልክ እየደወለ፣ አላየኋትም እያለ ያጽናናኝ ነበር። አልተገኘችም።

ስለዚህ እህቴ፣ ሳጥኑን መክፈት ግድ ከሆነ የመኪናው አራት በሮችና መስኮቶች በሙሉ ተዘግተው፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ሰው ሁሉ ውስጥ ተቀምጦ ይሁን። ኬላ ላይ ፈታሾች በር ክፈቱ ሲሏችሁ፣ እንስሳ እንዳለ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ሳጥኑ ታስሮ ከሆነ በሩ ቢከፈትም ችግር የለም። የክሬቱን ሽቦ የምትፈቱት አዲሱ ቤት ገብታችሁ፣ የክፍሉን በር ከውስጥ ከቆለፋችሁ በኋላ ብቻ ነው። ውሃ ማጠጣት ከፈለጋችሁ ደግሞ በክሬቱ ቀዳዳ በኩል መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ወይም በትንሽ ክዳን ማቅረብ ይቻላል፤ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።


መልስ — የአራት ኪሎው ሽማግሌ

ሁላችሁም ውሰጃቸው ብላችሁ ስለተስማማችሁ እኔ የተለየ ሐሳብ ላቅርብ። የአማትሽ ቃል የድሮ ሰው ቃል ነው ተብሎ የሚጣል አይደለም፣ ልጄ። ድመት ከሰው ይልቅ ቦታዋን የምታውቅ እንስሳ ለመሆኗ፣ ቤት ቀይረው ከሄዱ በኋላ ወደ ቀድሞው ግቢ እየተመለሱ ጎረቤት ያስቸገሩ ድመቶች ምስክር ናቸው። ድሬዳዋ ሩቅ ስለሆነ አትመለስም ማለት ይቻላል፤ ፍላጎቷ ግን አይቀርም። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ግቢ የኖረች አሮጊት በአንድ ቀን ከደጋ ወደ ቆላ ስትወርድ ለእርሷ ነው የምታስቢው ወይስ ለልጅሽ? ተከራዩ ድመት የሚወድ፣ የሚያበላት፣ ብትታመምም የሚያሳክማት ሰው መሆኑን በዓይንሽ አይተሽ ካረጋገጥሽ፣ መተውም ፍቅር ነው። ካላረጋገጥሽ ግን ትተሽ እንዳትሄጂ፤ ቤት ለቀው የሚሄዱ ሰዎች ትተዋቸው የሄዱ ድመቶች በየቱቦው ሲንከራተቱ ማየት ሰልችቶናል።


መልስ — የእንስሳት ሐኪም

አባታችን ያሉት ሚዛናዊ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ድመት ቦታዋን የምታውቀው በጠረን ነው። ጉንጯን በወንበሩ እግር፣ በበሩ ጠርዝ፣ በሰው እግር ላይ የምታሸው የራሷን ጠረን ለማተም ነው፤ እኛ ቤቷን ትወዳለች የምንለውም አንድም ይህንኑ ጠረን ነው። ጠረኑ ደግሞ ሊጫን ይችላል። የሚተኙበትን ጨርቅ ሳያጥቡ ይዘው ይሂዱ፤ ከሚጸዳዱበት ሰጋቱራ ላይም አንድ ፌስታል ያህል ያገለገለውን ይዘው ሄደው አዲሱ ቤት በሚያዘጋጁት ትሪ ላይ ይበትኑት። ሰው ይጸየፈዋል፤ ለድመቷ ግን የመጀመሪያው የቤቷ ምልክት ይሄ ነው። ክሬቶቹንም ከዛሬ ጀምሮ ሳሎን ውስጥ ክፍት አድርገው ያስቀምጧቸው፤ ምግባቸውን እዚያ ውስጥ ያቅርቡላቸው። እስከ ጉዞው ሦስት ሳምንት አለዎት፤ ይበቃል።

ስትደርሱ አንድ ክፍል ብቻ ይስጧቸው። ያ ክፍል ዕቃ ሲወጣና ሲገባ የማይከፈት፣ ትሪያቸው በአንዱ ጥግ፣ ውሃና ምግባቸው በሌላው ጥግ ያለበት ይሁን። አልጋ ሥር ገብተው ቢቀሩ ጎትተው አያውጧቸው። ከሁለት ቀን በላይ ምንም ካልበሉ ግን ሐኪም ይይ፤ በተለይ ወፈር ያለ ድመት ለቀናት ሳይበላ ሲቀር ስቡ ጉበቱ ላይ ተከማችቶ ለከባድ ሕመም ይዳርገዋል። ከቤት ውጪ ቢያንስ ለሦስት ሳምንት አይልቀቋቸው።


መልስ — የከዚራ ልጅ

ሐኪሙ ያሉትን ሳነብ የረሳሁት ትዝ አለኝ። ድሬዳዋ ቤት ውስጥ መስኮት ዘግቶ መኖር አይቻልም፤ ስለዚህ ባለቤትዎ ከመምጣታችሁ በፊት የዚያን አንድ ክፍል መስኮት በወንፊት ሽቦ ያስመቱት፤ ለወባ ትንኝም ይጠቅማል። ሌላው የአይጥ መርዝ ነው። የቀድሞዎቹ ተከራዮች በየጓዳው ጥለውት የሄዱት መርዝ ሊኖር ስለሚችል፣ መሳቢያና ምድጃ ሥር ሳይቀር ተጠርጎ ይፈተሽ። የጎረቤት የአይጥ መርዝ የበላች አይጥን የያዘች ድመትም ትመረዛለች፤ ስለዚህ ከጎረቤት ጋር ቡና ሲጠጡ ጉዳዩን ያንሡት።


መልስ — የገርጂዋ

ከደረስን አምስት ሳምንት ሆነን። ቃል የገባሁትን ምላሽ ያዘገየሁት የመጨረሻውን ሳላይ መጻፍ ስላልፈለግሁ ነው።

ተከራዩን ሄጄ አነጋገርኩት፤ መልካም ሰው ነው፣ ነገር ግን በግቢው ውሻ ሊያሳድግ እንዳሰበ ነገረኝ፤ የእትዬ ጉዳይ በዚያው ተቆረጠ። አማቴም ይህን ሲሰሙ፣ እንግዲያውስ ውሰጃት ብለው ለመንገዷ የሚሆን የራሳቸውን አሮጌ ነጠላ ሰጡኝ። እትዬ ተመረመረች፤ ኩላሊቷ ደኅና ነው ተባለ፤ ሐኪሟ ያዘዘላትን መድኃኒት ከሳምንት በፊት ስንሞክረው ግማሽ ቀን ተኛች። ለሽሮ ግን ምንም አልሰራለትም፤ እንዲያውም መጋረጃ ላይ ወጣ፤ ስለዚህ እሱን ያለ መድኃኒት ወሰድነው። ክሬቱ ውስጥ መብላት ለምዶ ስለነበር በገዛ እግሩ ገባ። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ እንደሚባለው፣ ከውስጥ ሆኖ ሽቦውን ለመፍታት እስከ አዳማ ድረስ በጥርሱ ሲታገል ነበር።

ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥተን መተሐራን ሳይሞቅ አለፍን። የተጨነቅንበት ቦታ ከአዋሽ በኋላ ነበር፤ ከፊታችን ተበላሽቶ መንገድ የዘጋ የጭነት መኪና አንድ ሰዓት ያህል አቆመን። እትዬ አፏን ከፈተች። ልጄ ነበረች ያየችው፤ ጣቷን በክሬቱ ቀዳዳ አስገብታ፣ እማዬ ምላሷ ወጥቷል አለችኝ። በረዶ የሠራውን ሃይላንድ አስጠጋንላት፤ መዳፏን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግን፤ ወንድሜ ካርቶን ይዞ በመስኮቱ በኩል ጥላ ሆኖ ቆመላት። ከሩብ ሰዓት በኋላ አፏን ገጠመች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እጄ እንደሚንቀጠቀጥ አላወቅሁም ነበር። ቁልቢ ላይ እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ቆይተን፣ ድሬዳዋን አመሻሽ ላይ ገባን። የደንገጎ ጥምዝምዝ ሽሮን አስታወከው፤ ጋዜጣውን ቀይረንለት ቀጠልን። መንገደኛው እንዳሉት በሮቹ ሁሉ ተዘግተው ነበር።

ባለቤቴ ክፍሉን ሲያጸዳ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ በእርግጥም በላስቲክ የተቋጠረ የአይጥ መርዝ አግኝቷል። ሰጋቱራውንም ይዤ መጣሁ፤ የአይሱዙው ሹፌር፣ ይኼን ቆሻሻ ደግሞ ምን ሊያደርግላችሁ ነው የምትጭኑት ብሎ ሲያስቸግረን በቪትዙ ወሰድነው። ሽሮ በዚያችው ሌሊት ተጸዳዳበት፤ በማግስቱም በቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ እንደ ዳኛ ሁላችንንም ሲመለከተን አረፈደ። እትዬ ሁለት ሌሊት ከአልጋው ሥር አልወጣችም። በሁለተኛው ቀን ማታ ልጄ መሬት ላይ ተኝታ፣ ከሥጋ ቤት የመጣ ሳንባ በጣቷ ይዛ ዘለግ ላለ ጊዜ ጠበቀቻት፤ በመጨረሻ ፊቷን ብቻ አውጥታ በላችና ተመልሳ ገባች።

ትናንት፣ ምግባቸውን አዘግይተን ሳይበሉ፣ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ የጓሮውን በር ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈትንላቸው። ሽሮ እስከ አጥሩ ሮጦ፣ የሳህኑን ድምፅ ሲሰማ ሮጦ ተመለሰ። እትዬ ደፉ ላይ ተቀምጣ የድሬዳዋን አየር ለረጅም ጊዜ አሸተተች፤ ከዚያ ጉንጯን በበሩ መቃን ላይ አንድ ጊዜ አሽታ ወደ ውስጥ ገባች።